ሳይሰጥም የሰጠመው ሰው



ስለ ፎቶግራፍ በራዲዮ መናገር የወጥን ጣዕም በደብዳቤ እንደ መግለጽ ነው። ይህ ንግግር በማይክሮፎን ፊት በተነገረ ጊዜ አድማጮች ሥዕሎቹን ለማየት አልቻሉም ነበር፤ አሁን በዚህ ዓምድ ሲታተምም ሥዕሎቹ አብረው አልወጡም። ስለዚህ የምችለውን ያህል በቃል እየሣልሁ ላሳያችሁ እሞክራለሁና ትዕግሥታችሁን እንዳትነፍጉኝ እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

አንድ ሰው ወደ ኋላ ተደግፎ ተቀምጦአል። ከወገቡ በላይ ራቁቱን ነው፤ ከወገቡ በታች ግን በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖአል። ራሱ ወደ ጎን ዘንበል ብሎአል፤ ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ እጆቹም ከጭኑ ላይ ተደራርበዋል። ከአጠገቡ ከግድግዳው ላይ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ተሰቅሎአል። ደረቱና ክንዱ ነጣ ያሉ ሲሆኑ ፊቱና እጆቹ ጠቁረዋል። ሥዕሉን ያለ ማብራሪያ ያየ ሰው ደክሞት እንቅልፍ የወሰደው ገበሬ ይመስለው ይሆናል። ከበስተጀርባው የተጻፈውን ያነበበ ግን ሰውዬው ሬሳ መሆኑን ይረዳል።

ጽሑፉ የሚለው በአጭሩ ይህን ነው። የምታዩት ሬሳ የሙሴ ባያር ነው፤ እርሱም ይህን ሥዕል ያስገኘውን ጥበብ የፈለሰፈ ሰው ነበር። መንግሥት ለሙሴ ዳጌር ከሚገባው በላይ ከሰጠ በኋላ ለሙሴ ባያር ግን ምንም ሊያደርግለት እንደማይችል ስለ ነገረው፥ ምስኪኑ ሰው ራሱን በውሃ አሰጠመ። ሬሳው በሬሳ ቤት ብዙ ቀን ቈየ፤ አውቀዋለሁ ብሎ የሚወስደው አልመጣም። እንግዲህ ወይዛዝርትና መኳንንት፥ ሽታው አፍንጫችሁን እንዳያስቀይመው ወደ ሌላ ጉዳይ እንለፍ፤ እንደምታዩት የሰውዬው ፊትና እጆች መበስበስ ጀምረዋልና። ቀኑ ኦክቶበር 18 ቀን 1840 ዓ.ም. ነው።

ይህን ቃል የጻፈው፥ ሥዕሉን ያነሣው፥ ሬሳ ሆኖ የተቀመጠውም አንድ ሰው ነው። ስሙ ኢፖሊት ባያር ይባላል። በፈረንሳይ አገር ብረተይ በምትባል ከተማ በ1801 ዓ.ም. ተወልዶ፥ በፓሪስ በገንዘብ ሚኒስቴር ጸሐፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። ቀን ቀን መዝገብ ሲያገላብጥ ይውላል፤ በተረፈው ጊዜ ደግሞ አትክልት ይኰተኵታል፥ ከኬሚካልና ከወረቀት ጋራም ይታገላል። በሥዕሉ ላይ «የበሰበሰው» ፊትና እጅ ከዚሁ የመጣ ነው። ከአትክልት ቦታ የሚውል ሰው ፊቱንና እጁን ፀሐይ ይመታዋል፤ በልብስ የተሸፈነው ገላው ግን እንደ ነጣ ይቀራል። በዚያ ላይ ያ የጥንት ወረቀት ለቀይና ለቡናማ ቀለም ዕውር ስለ ነበረ፥ ፀሐይ የነካውን ቆዳ ከእውነተኛው መልኩ ይልቅ አጥቍሮ ያወጣው ነበር። ሙሴ ባያር ጉድለቱን አይቶ አልተቈጣም፤ ለቀልዱ አዋለው።

አሁን ወደ በደሉ ታሪክ እንመለስ። ጃንዋሪ 7 ቀን 1839 ዓ.ም. ስመ ጥሩው የፊዚክስና የከዋክብት ሊቅ ፍራንሷ አራጎ፥ ሉዊ ዳጌር የተባለ ሰው የብርሃንን ሥዕል በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ለማስቀረት መቻሉን በፓሪስ ለሳይንስ አካዳሚ አበሠረ። አሠራሩ ግን ገና ምሥጢር ነበር። ባያር በበኩሉ በዚያው ዓመት በማርች ወር ከዚያ ፈጽሞ የተለየ መንገድ አገኘ። የብር ጨው የተቀባ ወረቀት በብርሃን እስኪጠቁር ድረስ ያቈየዋል፤ ከዚያ በፖታስየም አዮዳይድ ነክሮ ከካሜራው ውስጥ ያገባዋል። ብርሃን የነካው የወረቀቱ ክፍል ይነጣል፤ ጥላው ያረፈበት እንደ ጠቈረ ይቀራል። ስለዚህ ሥዕሉ ያለ ሁለተኛ ሥራ ቀጥታ በወረቀቱ ላይ ይወጣል፤ ሌላ ቅጂም የለውም። በግንቦት ገደማ ሥራውን ለአራጎ አሳየው። ጁን 24 ቀን 1839 ዓ.ም. ደግሞ በማርቲኒክ ደሴት በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ሰዎች ርዳታ በፓሪስ በተዘጋጀ ሽያጭ ላይ 30 ያህል ሥዕሎች ሰቀለ። በዓለም ላይ ፎቶግራፍ ለሕዝብ ትርኢት የቀረበበት የመጀመሪያው ቀን ይህ ነው ይባላል። ልብ በሉ፤ የዳጌር ምሥጢር ለሕዝብ የተገለጸው ከዚህ በኋላ፥ ኦገስት 19 ቀን ነው።

ነገር ግን አራጎ ልቡን ለዳጌር ሰጥቶ ነበር። ባያርን ዝም እንዲልና እንዲቈይ መከረው። በዚያው በጋ በወጣው ሕግ ለዳጌር በየዓመቱ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ 6000 ፍራንክ፥ አብሮት ሲሠራ ለሞተው ለኒሴፎር ኒዬፕስ ልጅ ደግሞ 4000 ፍራንክ እንዲከፈል ተወሰነ። ለባያር የደረሰው የተሻለ ካሜራ የሚገዛበት 600 ፍራንክ ነበር፤ ያውም አንድ ጊዜ። የዚያን ዓመት ኖቬምበር ላይ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሥራውን መርምሮ የሚያመሰግን ራፖር አወጣ፤ ምስጋናው ግን ገንዘብም ማዕርግም አላስከተለም። እንዲህ ያለ ምስጋና ምን እንደሚመስል በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ለፍርድ ያህል ከተናገርን መንግሥቱ ያለ ምክንያት አልመረጠም። የዳጌር ሰሌዳ እንደ መስተዋት የጠራ፥ የጺምን ጠጕር ሳይቀር ለይቶ የሚያሳይ ነበር፤ የባያር ወረቀት ሥዕሉ ለስለስ ያለና ሥራውም ዝግ ያለ ነው። ይሁን እንጂ አንዱን ለመሾም ሁለተኛውን አፍ ማዘጋት አያስፈልግም ነበር። የበደሉ ምንጭ ያለው ከክፍያው ይልቅ «ቈይ» ከተባለው ምክር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ አንድ የ39 ዓመት የመንግሥት ጸሐፊ ምን ያድርግ? ጮኾ ቢያለቅስ ይሥቁበታል። አቤቱታ ቢያቀርብ አቤቱታውን የሚቀበለው ያው የበደለው ቢሮ ነው። በእኛ አገር የወንድ ልጅ እንባ ወደ ሆዱ ይፈሳል እንደሚባለው፥ በዚያም አገር የሠለጠነ ወንድ በደሉን ዋጥ አድርጎ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ እየነሣ እንዲያልፍ ይጠበቅበት ነበር። ባያር ሦስተኛ መንገድ አገኘ። ሞተ። ደግሞም ሞቱን በራሱ እጅ አሳምሮ አዘጋጀው።

በዚያን ዘመን የነበሩ የፓሪስ ሰዎች ቀልዱን ወዲያው ይረዱት ነበር፤ እኛ ግን ማብራሪያ ያስፈልገናል። በከተማይቱ መካከል በሲቴ ደሴት ላይ የሬሳ ማሳያ ቤት ነበር። ከሴን ወንዝ የሚወጡትንና ባለቤታቸው ያልታወቀውን ሬሳዎች በመስተዋት ግድግዳ በስተጀርባ ያጋድሙአቸዋል፤ ልብሳቸውንም ከአጠገባቸው ይሰቅሉታል፤ የሚያውቃቸው ሰው ቢኖር መጥቶ እንዲለይ ነው። ሕዝቡ ግን የሚመጣው ለመለየት ብቻ አልነበረም፤ ለማየትም ይጐርፍ ነበር። ቤቱ ለሕዝብ የተዘጋው በ1907 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከባያር አጠገብ የተሰቀለው የገለባ ባርኔጣ እንዲያው ለጌጥ አይደለም። «ይህን ባርኔጣ የሚያውቅ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቁ ነው።

ሌላም ብልሃት አለበት። በባያር ወረቀት ላይ ሥዕል ለማንሣት ሰው ብዙ ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። በሕይወት ያለ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ዓይኑን ሳያርገበግብ፥ ደረቱንም ሳያነቃንቅ ሊቈይ አይችልም። ዓይኑን ጨፍኖ ጋደም ለሚል ሰው ግን ነገሩ ቀላል ነው። ለዚህ ካሜራ ከሬሳ የተሻለ ተቀማጭ አልነበረም።

አንባብያን ይህን ሥዕል እንደ ዋዛ እንዳያልፉት አደራ እላለሁ። ካሜራ የሚዋሽ መሣሪያ መሆኑን ገና በሁለተኛ ዓመቱ ያሳየ ሥዕል ነው። ሁሉም ሰው «ፀሐይ ራስዋ የሣለችው እውነት» እያለ ያመሰግነው በነበረበት ጊዜ፥ ባያር በዚያው ፀሐይ በሣለችው ሥዕል ሐሰት ተናገረ። ሐሰቱ ሰጠምሁ ማለቱ ነው። እውነቱ ደግሞ የሚጠይቀው ሰው ማጣቱ ነው።

ሰጠምሁ ያለው ሰው ከዚያ በኋላ 46 ዓመት ከመንፈቅ በላይ ኖረ። በአትክልቱ ቦታ ከእንስራና ከአበባ ማሰሮዎች መካከል ቆሞ ራሱን ደጋግሞ አንሥቶአል። በ1851 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት የጥንት ሕንጻዎችን ፎቶግራፍ እንዲያነሡ ከመረጣቸው አምስት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር። በ1854 ዓ.ም. የፈረንሳይን የፎቶግራፍ ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ሆነ፤ በ1863 ዓ.ም. የሌዢዮን ዶኖር ኒሻን ተሸለመ። ያረፈውም በ1887 ዓ.ም. በኔሙር ከተማ በ86 ዓመቱ ነው፤ አሟሟቱም በውሃ አይደለም። የሬሳው ሥዕል ዛሬም ራሱ ባቋቋመው በዚያው ማኅበር ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

ከእርሱ በኋላ ይህ ዓይነቱ ቀልድ ለረጅም ዘመን ተኛ ማለት ይቻላል። ወንዶች በፎቶግራፍ ቤት የሚነሡት ደረታቸውን ነፍተው፥ አንድ እጃቸውን ከወንበር መደገፊያ ላይ ወይም ከጐራዴ እጀታ ላይ አሳርፈው ነበር። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን የአባቶቻችንን ሥዕሎች ብትመለከቱ የምለውን ታገኙታላችሁ። አንድም የሚሥቅ የለባቸውም።

በ1960ዎቹ ግን በአሜሪካና በአውሮፓ አንዳንድ የጥበብ ሰዎች፥ የጥበብ ሥራ ማለት በዓይን የሚያምር ነገር ሳይሆን አንድ ሐሳብ ነው፤ ካሜራም ሐሳቡን የሚመዘግብ ጸሐፊ ነው ይሉ ጀመር። ይህ ኮንሴፕችዋል አርት የሚባለው ነው። አብዛኛው ክፍሉ ደረቅና አሰልቺ መሆኑን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ጥቂቶቹ ግን የባያርን ሣቅ ሳይወርሱ አልቀሩም። አሜሪካዊው ብሩስ ናውማን በ1966 ዓ.ም. በሥራ ክፍሉ ውስጥ በሁለት ወንበሮች መካከል እንደ ሳንቃ ተዘርግቶ በአየር ላይ ለመንሳፈፍ ሞከረ፤ ወደቀም። ተዘርግቶ ያለበትንና ወድቆ የቀረበትን በአንድ ፊልም ላይ ደርቦ አንሥቶ፥ በሥራ ክፍል ውስጥ መንሳፈፍ አለመቻል የሚል ርእስ ሰጠው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሥቀኝ እንግሊዛዊው ኪት አርናት ነው። በ1930 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ተወልዶ በ2008 ዓ.ም. ያረፈ ሰው ነው። በ1969 ዓ.ም. ከሜዳ ላይ ቆሞ ዘጠኝ ፎቶግራፎች ተነሣ። በመጀመሪያው ሙሉ ቁመቱ ይታያል፤ ቀጥሎ መሬቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይውጠዋል፤ ከዚያ እስከ ጕልበቱ፥ እስከ ወገቡ፥ እስከ አንገቱ፤ በመጨረሻ ባዶ አፈር ብቻ ይቀራል። ሰውዬው አይጮኽም፥ እጁንም አያወራጭም፤ ፊቱ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ፊት ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር አንድ የጀርመን ቴሌቪዥን ጣቢያ እነዚህን ሥዕሎች በመደበኛ ፕሮግራሙ መካከል ያለ ማስታወቂያና ያለ ማብራሪያ ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ እያስገባ አሳያቸው። ዜናና ጨዋታ ለማየት የተቀመጠ ሰው አንድ ወንድ ከምሽት ወደ ምሽት እየተቀበረ ሲሄድ አየ፤ የሚጠይቀውም አላገኘም።

በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው አርናት ከፊትና ከኋላ የሚንጠለጠል የማስታወቂያ ሰሌዳ አንግቶ ቆመ። በሰሌዳው ላይ እውነተኛ አርቲስት መሆኑን የሚገልጽ ቃል ተጽፎአል። የሥራው ስም ሲተረጐም «የሱሪ ቃል» ማለት ነው። ይህን ስም ያገኘው ጆን ኦስቲን ከሚባለው የኦክስፎርድ ፈላስፋ ነው። በእንግሊዞች አነጋገር ከባልና ሚስት ሱሪ የሚለብሰው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ፥ በቤቱ አዛዡ ማን ነው ማለት ነው። ኦስቲን ይህን ፈሊጥ ወስዶ «እውነተኛ» በሚለው ቃል ላይ ሱሪ ለባሹ አሉታው ነው አለ። ዳክዬን እውነተኛ ዳክዬ ነው ብሎ መናገር ትርጕም የሚኖረው፥ የእንጨት ወይም የመጫወቻ ዳክዬ ይሆን ይሆናል ብለን በጠረጠርን ጊዜ ብቻ ነው።

ይህን ነጥብ በቀላሉ አንለፈው። ለአርቲስት የተባለው ለወንድነትም ይሠራልና። ማንም ሰው በሰላሙ ቀን «አንተ እውነተኛ ወንድ ነህ» ብሎ አይነግረንም። «ወንድ ከሆንህ» የሚለው ቃል የሚመጣው ጥርጥር በመጣ ጊዜ ነው፤ በጠብ ቦታ፥ በገበያ ክርክር፥ ገንዘብ ባለቀ ጊዜ። ስለዚህ ወንዱ ሁሉ የማይታይ ሰሌዳ ከአንገቱ አንጠልጥሎ ይዞራል። አርናት ያደረገው ሰሌዳውን እንዲታይ ማድረግ ብቻ ነው። ይኸው ሰው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ባለቤቱ በቤት ውስጥ የምትተውለትን ብጣሽ ማስታወሻዎች፥ ይህን አድርግ፥ ያን አትንካ፥ ቦቴ ጫማዬን ወዴት አደረግኸው የሚሉትን፥ እንደ ታላላቅ ሰዎች ሥዕል በክብር ፎቶግራፍ አነሣቸው። ሱሪውን ማን እንደሚለብስ ከዚያ ማንበብ ይቻላል።

የሆላንዱ ባስ ያን አደር ቀልድ ግን ከጕሮሮ ላይ ይቀራል። የተወለደው በ1942 ዓ.ም. ነው። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ አይሁድን ከናዚዎች ሸሽገው በመገኘታቸው በ1944 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ፤ ልጁ ያን ጊዜ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። አድጎ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ በዚያ ኖረ። በ1970 ዓ.ም. ከቤቱ ጣሪያ ላይ ወንበር አስቀምጦ ተቀመጠና ተንከባልሎ ሲወድቅ ራሱን አስነሣ። በዚያው ዓመት በአምስተርዳም ብስክሌት እየነዳ ቀጥ ብሎ ከቦዩ ውሃ ውስጥ ገባ። ሳይነክሰው፥ ሳይገፉት፥ ሳይሰክር የሚወድቅ ወንድ ነው። ቀጥሎም በካሜራ ፊት አለቀሰ። ፊቱን በእንባ ታጥቦ የሚያሳየውን ሥዕል በፖስትካርድ አሳትሞ ለወዳጆቹ ላከ፤ በላዩም ሊነግራቸው እንዳይችል ያደረገው ኀዘኑ ብዛት መሆኑን ጻፈ። ምን አሳዘነው? አልተናገረም። ሰው በመጀመሪያ ይሥቃል፤ ጐልማሳ ወንድ ለፖስትካርድ ብሎ ያለቅሳልን? ሁለተኛ ሲያየው ግን ሣቁ ያፍራል።

ጁላይ 9 ቀን 1975 ዓ.ም. አደር ርዝመቷ አራት ሜትር በማትሞላ ጀልባ ብቻውን የአትላንቲክን ውቅያኖስ ሊሻገር ከአሜሪካ ጠረፍ ተነሣ። ይህም የጥበብ ሥራ ተብሎ የታሰበ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በኤፕሪል ወር ጀልባዪቱ ከአየርላንድ ወዲያ በባሕር ላይ ባዶዋን ተገኘች። እርሱ አልተገኘም።

ሙሴ ባያር በቀልድ ከሰጠመ 135 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ጥቂት ስለ አፍሪካ ልጨምርና ልፈጽም። ሳሙኤል ፎሶ በ1962 ዓ.ም. በካሜሩን ተወለደ። በሕፃንነቱ ሕመምተኛ ስለ ነበረ እንደ ሌሎቹ ልጆች ፎቶግራፍ አልተነሣም። የቢያፍራ ጦርነት ካለፈ በኋላ ወደ ባንጊ፥ የማዕከላዊ አፍሪካ ዋና ከተማ፥ መጣና በ1975 ዓ.ም. ገና በ13 ዓመቱ የራሱን ፎቶግራፍ ቤት ከፈተ። ቀን ደንበኞቹን ያነሣል፤ ማታ ከፊልሙ የተረፉትን ጥቂት ስንጥቆች በከንቱ እንዳይቀሩ ራሱን ያነሣባቸዋል፤ አንዳንዱንም በናይጄሪያ ላሉት አያቱ በሕይወት መኖሩንና ደኅና መሆኑን እንዲያዩ ይልክላቸዋል። ጠባብ ሱሪ ለብሶ፥ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ተጫምቶ፥ ጥቁር መነጽር አድርጎ ይቆማል። ገና ጺም ያላበቀለ ልጅ የትልቅ ወንድን አቋቋም ሲለካው ታያላችሁ፤ እንደ ታላቅ ወንድም ኮት ከትከሻው ላይ ሰፍቶታል።

በ1997 ዓ.ም. ታቲ የተባለው የፓሪስ ሱቅ ባዘዘው ሥራ ውስጥ ፎሶ አንድ አለቃ ሆኖ ተቀመጠ። የነብር ቆዳ፥ የወርቅ ጌጥ፥ ቀይ ጫማ፥ ጥቁር መነጽር፤ በእጁም በበትረ ሥልጣን ፈንታ የሱፍ አበባ ይዞአል። ርእሱ አፍሪካን ለቅኝ ገዥዎች የሸጠው አለቃ ይላል። ከሩቅ ሲያዩት ኃይል ነው፤ ቀርበው ሲያዩት ግን ሁሉም የሱቅ ዕቃ ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ቁም ነገር ዞረ። የአፍሪካንና የጥቁር ሕዝብን ታላላቅ ሰዎች ሆኖ በተከታታይ ተነሣ፤ ከእነርሱም መካከል ፓትሪስ ሉሙምባ፥ ማልኮም ኤክስ፥ መሐመድ ዓሊና የእኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይገኛሉ። የአለቃውን ሥዕል ያየ ሰው ይህንኛውን ሲያይ ለጊዜው ግራ ይጋባል፤ አክብሮት ነው ወይስ ዳግመኛ ልብስ መለዋወጥ ነው? እኔ አክብሮት ነው ባይ ነኝ።

በ2014 ዓ.ም. በባንጊ ሁከት በተነሣ ጊዜ የፎሶ ቤት ተዘረፈ። ዘራፊዎቹ ለነጋቲቮቹ ደንታ ስላልነበራቸው በየቦታው በተኑአቸው። ጦርነቱን ለመዘገብ የመጡ ጥቂት ጋዜጠኞች ግን የማን ሥራ መሆኑን ስላወቁ ከወዳደቁበት እየለቀሙ አዳኑአቸው።